የአባባን ብዕሮች ከመጣላችሁ በፊት

ዛሬ ከክትባትና ከመድኃኒት ወጣ ብለን ስለ ብዕር እናወራለን። ቀለም እየተሞላ ስለሚጻፍበት፣ ብዙዎቻችን የየትኛውም ፋብሪካ ቢሆን «ፓርከር» እያልን ስለምንጠራው ብዕር ማለቴ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ይህ ደግሞ ከቤተሰብ ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ ይገናኛል።

ነገሩን ያስነሣችው አንዲት አንባቢ ናት። እንዲህ ትላለች፦ «ሲስተር፣ አባታችን 78 ዓመታቸው ነው። ከእኔ ጋር ኮንዶሚኒየም ሊገቡ ስለሆነ ዕቃቸውን እየለየን ነው። በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ 14 የቀለም ብዕሮች አሏቸው። ቀለሙ ደርቆ አንዱም አይጽፍም። ወንድሜ እንሽጠው ይላል፣ እኅቴ ይጣል ትላለች። አባባ ደግሞ ስንነካው ይቆጣሉ። ግን እሳቸውም ከጻፉበት ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ምን እናድርግ?»

ጥያቄው የዕቃ ይመስላል። እኔ ግን ሁለት ቦታ ላይ ቆሜ ደግሜ አነበብኩት። አንዱ «ስንነካው ይቆጣሉ» የሚለው ነው፤ ሌላው «ከጻፉበት ሁለት ዓመት አልፏቸዋል» የሚለው። ሁለቱንም በተራ እናያቸዋለን። አስቀድመን ግን ቆርቆሮው ውስጥ ምን እንዳለ እንወቅ።

ከመቃ እስከ ፓርከር

«ብዕር» የሚለው ቃላችን ከግዕዙ «ብርዕ» የመጣ ነው፤ መቃ፣ ሸምበቆ ማለት ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን መቃውን በቢላ ቀርጸው፣ ጫፉን ሰንጥቀው፣ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም በቀንድ ይዘው ይጽፉበት ነበር፤ ዛሬም የሚጽፉበት አሉ። መቃው ቀንዱ ውስጥ ይነከራል፣ ጥቂት ፊደል ይጻፋል፣ እንደገና ይነከራል። እኛ ቀለምን ከትምህርት ለይተን አናውቅም። እጅግ የተማረውን «የቀለም ቀንድ»፣ ጥቂት የሞከረውን «ቀለም ቀመስ» እንላለን።

አውሮፓውያንም በወፍ ላባ፣ በኋላም በብረት ጫፍ እየነከሩ ነበር የሚጽፉት። ቀለሙን በሆዱ ይዞ የሚዞር ብዕር ለመሥራት ብዙ ሰው ደክሟል። ፔትራቼ ፖዬናሩ የሚባል ሩማንያዊ በ1827 ፈረንሳይ ውስጥ የፈጠራ መብት አግኝቶበታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በደንብ የሚሠራውንና ገበያ የያዘውን ብዕር ግን ሉዊስ ዋተርማን የሚባል አሜሪካዊ በ1884 አስመዘገበ።

አሠራሩ ለነርስ ቶሎ ይገባል። የድሮውን የጠርሙስ ግሉኮስ አስታውሱ። አየር ማስገቢያ መርፌ ካልተሰካበት ጠብታው ይቆም ነበር፤ ፈሳሹ ሲወርድ ቦታውን አየር ካልተካው አይወርድምና። ብዕርም እንዲሁ ነው። ከጫፉ ሥር ያለችው ጥቁር ምላስ መሰል ነገር ላይ ፀጉር የሚያካክሉ ቦዮች አሉ። የፋኖስ ክር ላምባ እንደሚስብ፣ እነዚያ ቦዮች ቀለሙን ወደ ጫፉ ይስባሉ፤ አየሩም በዚያው በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። ጫፉ ወረቀት ሲነካ ቀለሙ ይወርዳል፣ ሲነሣ ይቆማል። ልብ በሉ፤ ቀለሙን የሚያወጣው የእጃችን ኃይል አይደለም። ይህችን ነጥብ ያዟት፣ በኋላ እንፈልጋታለን።

እስክሪብቶ ከዚህ ይለያል። ላዝሎ ቢሮ የሚባል ሃንጋሪያዊ ጋዜጠኛ በ1938 ያስመዘገበው እስክሪብቶ ጫፉ ላይ ትንሽ ኳስ አለችው። ቀለሙ ወፍራም ስለሆነ ኳሷ መሽከርከር አለባት፤ እንድትሽከረከር ደግሞ መጫን ያስፈልጋል። በ1950 ፈረንሳዊው ማርሴል ቢክ ርካሹን «ቢክ» ሲያወጣ ዓለም ሁሉ ወደዚያ ዞረ። የቀለም ብዕርም ቀስ በቀስ ከጠረጴዛ ላይ ተነሥቶ መሳቢያና የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ገባ።

ቆርቆሮው ውስጥ ምን ሊገኝ ይችላል?

መያዣው ቀስት የመሰለ ካለ ፓርከር ነው። ጆርጅ ሳፎርድ ፓርከር በአሜሪካ ዊስኮንሲን፣ ጄንስቪል በምትባል ከተማ የቴሌግራፍ አስተማሪ ነበር። ለተማሪዎቹ ብዕር ይሸጥላቸዋል፣ ሲያፈስባቸው ደግሞ ይጠግንላቸዋል። መጠገኑ ሲበዛበት የተሻለ ብዕር ራሴ ልሥራ ብሎ በ1888 ድርጅቱን አቋቋመ።

ሰብሳቢዎች አውርተው የማይጠግቡት «ፓርከር 51» የሚባለውን ነው። ስሙ የድርጅቱን 51ኛ ዓመት፣ ማለትም 1939ን ያስታውሳል፤ ገበያ የወጣው በ1941 ነው። የሌሎች ብዕሮች ጫፍ ተገልጦ ሲታይ የ51 ጫፍ በሽፋን ተከልሎ ጥቂት ብቻ ብቅ ይላል። ይህ የተደረገው ለውበት ብቻ አይደለም። ፓርከር ወረቀት ላይ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ሠርቶ ስለነበር፣ ያው ቀለም ጫፉ ላይ እንዳይደርቅ ጫፉን መሸፈን ነበረበት። ደግሞ ቀለሙ የዚያን ዘመን ተራ ፕላስቲክ ይበላ ስለነበር፣ የብዕሩ አካል ለአውሮፕላን መስኮት ከሚውለው ዓይነት ጠንካራ ፕላስቲክ ተሠራ። በሜይ 1945 ናዚ ጀርመን እጇን ስትሰጥ ጄኔራል አይዘንሃወር ከተፈረመባቸው ፓርከሮች ሁለቱን እንደ ድል ምልክት አጣምሮ ይዞ የተነሣው ፎቶግራፍ ዛሬም አለ።

የ51ን ወገቡን ፈትታችሁ ስታዩ በውስጡ የብረት ሽፋንና የሚጫን ዘንግ ካለው፣ ከ1948 ወዲህ የተሠራ ነው። ይህ ደስ የሚል ዜና ነው፤ የቀለም ከረጢቱ ከላስቲክ ሳይሆን ዕድሜ ከሚችል ፕላስቲክ ስለተሠራ ብዙ ጊዜ ማጠብ ብቻ ይበቃዋል። 70 ዓመት አልፎት ዛሬም የሚጽፍ ፓርከር 51 ብርቅ አይደለም።

ክዳኑ ላይ ነጭ ነጥብ ያለችው የአሜሪካው ሼፈር ነው፤ መሥራቹ ዋልተር ሼፈር ጌጣጌጥ ሻጭ ነበር። መያዣው የወፍ ምንቃር ከመሰለ የጀርመኑ ፔሊካን ነው፤ ከ1929 ጀምሮ ቂጡን በማሽከርከር ቀለም የሚስብ ብዕር በመሥራት ይታወቃል። አናቱ ላይ ነጭ ኮከብ ካለው ሞንብላን ሊሆን ይችላል። የትልልቆቹ ሞንብላኖች ጫፍ ላይ 4810 የሚል ቁጥር ተቀርጿል፤ ስሙን የሰጠው ተራራ ከፍታ በሜትር ነው። ግን ሞንብላንን አስመስሎ የሚሠራ በዓለም ሞልቷልና ኮከብ አይታችሁ ቶሎ ደስ አይበላችሁ። የሻንጋዩ «ሂሮ» ደግሞ ብዙዎቹ ጫፋቸው እንደ ፓርከር 51 የተከለለ ነው፤ ርካሽ ቢሆንም ታማኝ ብዕር ነው።

ጫፉ ላይ 14 ኬ ወይም 585 የሚል ካለ 14 ካራት ወርቅ፣ 18 ኬ ወይም 750 የሚል ካለ 18 ካራት ወርቅ ነው። ወረቀቱን የምትነካዋ ነጥብ ግን ወርቅ አይደለችም፤ ወርቅ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ያልቅ ነበር። እሷ ከኢሪዲየምና እሱን ከመሳሰሉ እጅግ ጠንካራ ማዕድናት የተሠራች ናት።

ሰው ለምን ይሰበስባል?

ብዕር ሰብሳቢዎች ብዙ ዓይነት ናቸው። አንዱ ፓርከርን ብቻ ይሰበስባል፣ ሌላው የጃፓኖቹን ፓይለት፣ ሴይለርና ፕላቲነም። ሌላው ብዕሩ አንድ ይሁንለት እንጂ ቀለም ነው የሚሰበስበው፤ ሃያ ዓይነት ሰማያዊ መደርደሪያው ላይ ይደረድራል። ሌላው ደግሞ የተሰበረ ገዝቶ መጠገን ነው ደስታው። ምናለሽ ተራን ሲዞር የሚውል ሰው ካወቃችሁ ይህ ስሜት ይገባችኋል።

ደስታው ግን ከመሰብሰብ ይልቅ በመጻፍ ላይ ነው። ለኛ ፊደል ደግሞ ልዩ ጥቅም አለው። የብራና ጽሑፍ ተመልከቱ፤ ቋሚው መስመር ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን ነው። ጫፉ እንደ መቃ ጠፍጠፍ ብሎ የተቆረጠ ብዕር ያንኑ ያወጣል። «ሰ»ና «በ» እግራቸው ይደምቃል፤ የበዓል ካርድ በእንደዚህ ዓይነት ብዕር ተጽፎ ሲመጣ ሰው አይጥለውም። ለደብተርና ለማስታወሻ ግን ቀጭኑን ምረጡ። ፊደላችን ጥቃቅን ቀለበት ስለሚበዛበት ወፍራም ጫፍ «ቄ»ን እና «ሜ»ን ይደፍናቸዋል። ጫፉ ላይ ኤፍ የሚል ፊደል ካለ ቀጭን፣ ኤም መካከለኛ፣ ቢ ወፍራም ማለት ነው። የጃፓኖቹ ቀጭን ከአውሮፓውያኑ ቀጭን ይቀጥናል።

ወረቀትም ወሳኝ ነው። ስስ ወረቀት ላይ ቀለሙ ይንሰራፋል፣ ጀርባውንም አልፎ ይወጣል። ጥፋቱ የብዕሩ አይደለምና ጠንከርና ለስለስ ያለ ወረቀት ሞክሩ።

እንዴት ይታጠባል?

ይህን ከአባባ ጋር ሆናችሁ ሥሩት እንጂ ከጀርባቸው አትሥሩት። የምትፈልጉት ሁለት ብርጭቆ፣ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ፣ ሶፍትና መርፌው የወለቀ ሲሪንጅ ነው።

አንደኛ፣ ሙቅ ውኃ ክልክል ነው፤ አሮጌ ፕላስቲክ ያጣምማል። አልኮልና በረኪናም እንዲሁ፤ አልኮል አንዳንዱን የድሮ ብዕር ያሟሟዋል። ሁለተኛ፣ የማይከፈተውን በጉልበት አትክፈቱ፣ ጫፉንም ጎትታችሁ አታውጡ። የደረቀ ቀለም እንደ ሙጫ ነው፤ ሲርስ ራሱ ይለቃል። ሦስተኛ፣ ጫፉ ያለበትን ክፍል ብቻ እስከ አንገቱ ውኃ ውስጥ አቁሙት። ውኃው ሲጠቁር ለውጡት። አንድ ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ ግድ የለም። ጥቁርና ድብዝዝ ያለ፣ ሲታሸት የጎማ ሽታ የሚሰጥ አካል ያለውን ግን አትዘፍዝፉት፤ እርጥበት መልኩን ወደ ቡናማ ይለውጠዋል። አራተኛ፣ ሲለቅ የመሙያውን ዘንግ እየተጫናችሁ ንጹሕ ውኃ አስገቡ፣ አስወጡ። የምትቀየር የቀለም ቱቦ የሚሰካበት ብዕር ከሆነ በሲሪንጁ ከኋላ በኩል ውኃ ቀስ አድርጋችሁ ግፉበት። የሚወጣው ውኃ ሲጠራ ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ሶፍት ላይ አቁሙትና ይድረቅ።

የመሙያው ዘንግ የማይመለስ ወይም ውስጡ የሆነ ነገር እንደ ጠጠር የሚንኳኳ ከሆነ የላስቲክ ከረጢቱ ደርቆ ተሰባብሯል ማለት ነው። ይለወጣል፤ ግን የጠጋኝ ሥራ ነው። እስከዚያው ታጥቦ ይቀመጥ።

ቀለም ስትገዙ «ለቀለም ብዕር» የሚለውን ብቻ ግዙ። የሥዕል ጥቁር ቀለም፣ የማኅተም ቀለም፣ ከጥላሸት የሚሠራው የብራና ቀለምም ለመቃ እንጂ ለዚህ ብዕር አይሆኑም። በውስጣቸው ያለው ደቃቅ እነዚያን ፀጉር የሚያካክሉ ቦዮች ይደፍናል። ብዕር ከተሞላ በኋላ ቢያንስ በሳምንት ጥቂት መስመር ይጻፍበት፤ የማይጻፍበት ከሆነ ታጥቦ ይቀመጥ።

እጅ መጻፍ ሲያቆም

አሁን ወደ «ሁለት ዓመት አልፏቸዋል» እንምጣ። ዕድሜውን ሙሉ ሲጽፍ የኖረ ሰው በከንቱ አያቆምም። ብዕሩ ስለደረቀ ነው ወይስ ብዕሩ የደረቀው እሳቸው ስላቆሙ? ጠይቋቸው። ብዙ አባቶች «እጄ እንቢ አለኝ» ማለትን እንደ ሽንፈት ስለሚያዩት ዝም ብለው መጻፉን ይተዋሉ።

ምክንያቱ የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል፤ መስመሩ አይታያቸውም። የጣት መገጣጠሚያ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ እስክሪብቶ መጫን ያማቸዋል። የእጅ መንቀጥቀጥ ሊሆን ይችላል። መንቀጥቀጥ ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። አንዳንዱ በቤተሰብ የሚወረስ ነው፤ አንዳንዱ ከእንቅርት ዕጢ ችግር፣ አንዳንዱም እንደ አንዳንድ የአስም መድኃኒት ካሉ መድኃኒቶች ይመጣል።

አንድ ቀላል ነገር አድርጉ። ከዛሬ አምስትና አሥር ዓመት በፊት የጻፉትን ደብተር ወይም ደብዳቤ ፈልጉ። ዛሬ ደግሞ ሁለት ሦስት መስመር እንዲጽፉ ጠይቋቸውና ጎን ለጎን አስቀምጡት። ፊደሉ ተንቀጥቅጦ ሰፋ ብሎ እንደሆነ ልብ በሉ። ፊደሉ ከቀድሞው አንሶ፣ መስመሩ ወደ መጨረሻው ሲሄድ ይበልጥ እየጠበበና እየተጨናነቀ ከሆነ ደግሞ አትዘግዩ። እንዲህ ያለው የጽሕፈት ማነስ ፓርኪንሰን በሚባለው በሽታ ይታያል፤ አንዳንዴም ከሌላው ምልክት ቀድሞ ይመጣል። ይህ ምርመራ አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ መሄጃ ምክንያት ነው። ስትሄዱ ሁለቱንም ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ብዙ ጥያቄ ጠይቆ የሚያገኘውን መልስ ከወረቀቱ ላይ ሊያገኘው ይችላል።

ትናንት በደህና ሲጽፍ የነበረ ሰው ዛሬ ድንገት ብዕር ከእጁ ከወደቀ፣ አንድ ወገን እጁ ከዛለ፣ አፉ ከተጣመመ ወይም ንግግሩ ከተሳሰረ ግን ቀጠሮ መጠበቅ የለም። ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በዚያችው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

የጣት ሕመም ብቻ ከሆነ ግን ቅድም ያዟት ያልኳችሁ ነጥብ ትጠቅማለች። የቀለም ብዕር መጫን አይፈልግም። ወፈር ያለና ቀላል የሆነውን ከ14ቱ መርጣችሁ፣ ክንዳቸውን ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው ይሞክሩት። ጣታቸው እስክሪብቶ ላይ ያቃተውን እዚህ ላይ ሲችል ታያላችሁ። በሽታ አይፈውስም፤ ግን ፊርማቸውን ራሳቸው መፈረም የሚችሉበትን ጊዜ ያራዝማል። ለአንድ አባት ይህ ቀላል አይደለም።

ይሸጥ? ይጣል? ለማን ይሁን?

«ስንነካው ይቆጣሉ» ላልሽኝ እኅቴ፣ ቁጣው የብዕር አይመስለኝም። አባባ የኖሩበትን ቤት እየለቀቁ ነው። አልጋው የት እንደሚሆን፣ ሶፋው ለማን እንደሚሰጥ እናንተ ትወስናላችሁ። ያ ቆርቆሮ እሳቸው የሚወስኑበት የቀረ ነገር ነው። ስለዚህ «ምን እናድርገው?» ብላችሁ እርስ በርሳችሁ ከመመካከር ቆርቆሮውን ይዛችሁ «አባባ፣ ይቺን ማን ሰጠዎት?» በሏቸው። በአንድ ቀን 14ቱንም አትጨርሱ፤ ሁለት ሁለት ይበቃል።

መልሱን ጻፉት። ማን ሰጠው፣ በየትኛው ዓመት፣ ምን ተጻፈበት። ትንሽ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በክር እሰሩበት። ምናልባት አንዱ የምርቃት ስጦታ ነው። ምናልባት በአንዱ ለእናታችሁ ደብዳቤ ተጽፎበታል። ምናልባት አንዱ የሞተ ጓደኛ ነው ያለው። ሳትጠይቁ ከሄዱ ያ ቆርቆሮ በርግጥም ቁርጥራጭ ፕላስቲክና ብረት ይሆናል። ጠይቃችሁ ከጻፋችሁት የቤተሰብ ታሪክ ነው።

«እንሽጠው» ለሚለው ወንድማችሁም ልናገር። አብዛኛው አሮጌ ብዕር ሀብታም አያደርግም። አካሉ ላይ ስም የተቀረጸበት ከሆነ ነጋዴ ዋጋውን ይቀንሰዋል፤ ለልጅና ለልጅ ልጅ ግን ዋጋውን የሚጨምረው ያው ስም ነው። ለወርቁ ብላችሁ ጫፉን ወርቅ ቤት ብትወስዱት አንድ ግራም እንኳ አይሞላም፤ ለሱ ተብሎ ሙሉ ብዕር ይሞታል። ከሁሉም በላይ ባለቤቱ በሕይወት አሉ። ይሸጥ ካሉ እሳቸው ይበሉ። የቱ ለየትኛው ልጅ፣ የቱ ለየትኛው የልጅ ልጅ እንደሚሰጥም እሳቸው አሁን፣ በእጃቸው ይስጡ። በሰው እጅ የተሰጠ ስጦታ ከሞት በኋላ ከሚደረግ ክፍፍል ይሻላል፤ በወንድማማች መካከልም ጠብ አያስነሣም።

አባት ወይም እናት ካለፉ በኋላ ይህን የምታነቡም አላችሁ። ለእናንተም ጊዜው ሙሉ በሙሉ አላለፈም። የሥራ ባልደረባቸው፣ ታናሽ ወንድማቸው፣ ጎረቤታቸው የሚያስታውሱት አለ። ሄዳችሁ ጠይቁ።

ለልጅ ልጆች

ልጆች በስልክ ሲነኩ ይውላሉ ብለን እናማርራለን። ማማረሩ ብቻ አይረዳም፤ በምትኩ የሚያጓጓ ነገር ማቅረብ ይሻላል። ከጠርሙስ ቀለም ሲሳብ ማየት ልጅን ያስደንቃል። ጀርመን አገር ብዙ ልጆች ገና አንደኛ ደረጃ ሳሉ በቀለም ብዕር መጻፍ ይለምዳሉ፤ ፔሊካን በ1960 «ፔሊካኖ» የተባለውን የተማሪ ብዕር ያወጣው ለዚህ ነው። የሚጫን ልጅ የብዕሩ ጫፍ ስለሚከፈት ወዲያው ያውቃል፤ ሳንቆጣው ብዕሩ ራሱ እጁን ማላላት ያስተምረዋል። ሲጀምር ግን የአያቱን ፓርከር ሳይሆን ርካሽ ብዕር ስጡት።

ጥንቃቄው ይኸው፦ ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ብዕርም ክዳንም አይሰጥም። የብዕር ክዳን ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ሊያንቅ ይችላል፤ የቢክ ክዳን አናቱ የተበሳው እንኳ እንዲህ ያለ አደጋ ቢደርስ አየር እንዲያልፍ ነው። የድሮ ብዕሮች ክዳን ብዙውን ጊዜ ቀዳዳ ስለሌለው ይበልጥ ያሠጋል። ጫፉ ስለት ነው፤ ተይዞ አይሮጥም። ቀለም ዓይን ውስጥ ከገባ 15 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ውኃ ማጠብና ዓይኑ ከቀላ ሐኪም ማሳየት ነው። ልብስ ላይ ከፈሰሰ ሳይደርቅ በቀዝቃዛ ውኃ፤ ለልጆች «ታጥቦ የሚለቅ» የተባለውን ሰማያዊ ቀለም ብትገዙ እናትም አትቆጣም።

ግራኝ ልጅ ካለ ወደ ቀኝ አታስገድዱት። የኛ ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ እጁ ያልደረቀውን ቀለም ያብሰዋል፤ ቀጭን ጫፍና ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ስጡት፣ ደብተሩንም ዘወር አድርጎ ይያዝ።

ለአዋቂዎች ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ። ያ ታጥቦ የሚለቅ ቀለም ለልጅ ደብተር እንጂ ለውልና ለኑዛዜ አይሆንም። አንድ ብርጭቆ ውኃ ቢደፋበት ፊርማው ሊጠፋ ይችላል። በእንግሊዝ የልደትና የጋብቻ መዝገብ ሲጻፍ የኖረው ብረት ባለበት፣ ወረቀት ላይ እየጠቆረ በሚሄድና በውኃ በማይለቅ ቀለም ነው። ለሰነድ «ቋሚ» የሚል የተጻፈበትን ቀለም ተጠቀሙ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ አንድ ጠርሙስ ቀለም ከሽቶ ይልቅ ርካሽ ስጦታ ነው፤ በፕላስቲክ ጠቅልሎ በሚጫነው ሻንጣ ይላከው። ቀለም የተሞላ ብዕር ኪሱ ውስጥ ይዞ ከተሳፈረም ጫፉን ወደ ላይ ያድርገው፤ አውሮፕላኑ ከፍ ሲል በብዕሩ ውስጥ ያለው አየር ተለጥጦ ቀለሙን ሸሚዙ ላይ ይገፋዋል።

በዚህ ሳምንት እቤታችሁ ያለውን መሳቢያ ክፈቱ። ብዕር ካገኛችሁ የማን እንደሆነ ጠይቁ፣ እጠቡት፣ ከዚያም የመጀመሪያውን መስመር ባለቤቱ ይጻፍ።

ሰላም ሰንብቱ።